ለአሮጌ ቮልስ የትኛው አርፒኤም ጌጅ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. የ1970 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 አለኝ። ሞተሩ ታድሷል፤ 12 ቮልት ነው፣ እሳቱም በፑንቲና ነው የሚሠራው። አርፒኤም ጌጅ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ) ላስገባለት ፈልጌ ሱማሌ ተራ ሦስት ዓይነት አየሁ፦ 52 ሚሊ ሜትር የሆነ እስከ 10,000 የሚቆጥር፣ ከሞተር ሳይክል የተፈታ፣ እና ትልቅ ቀይ መብራት ያለው የእሽቅድምድም ዓይነት። አንዱ ኤሌክትሪሺያን ‹ከዲናሞው ላይ ሽቦ እስብልሃለሁ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ከቦቢና ነው የሚሳበው፣ ግን ቦቢናህን ያቃጥልብሃል› አለ። የትኛውን ልግዛ? ዳሽቦርዱንስ መብሳት ግድ ነው? ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ፒያሳ ነው፤ በየቀኑ እነዳታለሁ።»

መልስ፦ ካዩዋቸው ሦስቱ አንዱንም አይግዙ፤ ዳሽቦርዱንም አይብሱ። የሁለቱ ኤሌክትሪሺያኖች ምክር ለምን እንደማይገጥም ለማየት ጌጁ ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ይቀድማል።

የቤንዚን ሞተር አርፒኤም ጌጅ የሚቆጥረው እሳትን ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ፑንቲና (ጅረቱን የሚዘጋና የሚከፍት ትንሽ ማብሪያ) በተከፈተ ቁጥር በቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለእሳቱ የሚያሳድገው ጥቅል ሽቦ) ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ከ200 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ ምት ይፈጠራል። ጌጁ ያንን ምት ቆጥሮ ወደ ዙር ይለውጠዋል። በእርስዎ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር አንዴ ይተኩሳል፤ አራት ሲሊንደር ስላለው በአንድ ዙር ሁለት ምት ይወጣል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 ምት ይመጣል። ጌጁ «በአንድ ዙር ሁለት ምት» ብሎ ካልቆጠረ የሚያሳየው ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የሞተር ሳይክሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የሞተር ሳይክል ጌጆች በአንድ ዙር አንድ ምት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ በእርስዎ መኪና ላይ እጥፍ ያነብባሉ። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ልክ) 850 ሆኖ ሳለ መርፌው 1,700 ላይ ይቆማል። «እያነበብኩ በሁለት አካፍለዋለሁ» የሚሉ አሉ። መሪ ይዞ፣ ከኋላ ታክሲ እየነፋበት፣ ዳገት ላይ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን የለም።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪሺያን ያለው ለሌላ ዓይነት መኪና ይሠራል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላም (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚተፋው) ቦቢናም ስለሌለው ዙሩ የሚነበበው ከአልተርኔተሩ «ደብልዩ» ከሚባለው ጫፍ ነው። የእርስዎ 1300 ግን የያዘው አልተርኔተር ሳይሆን የድሮውን ቀጥታ ጅረት የሚያመነጭ ዲናሞ ነው፤ ያ ጫፍ የለውም። ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ ላይ ቢስቡ ቮልት ያገኛሉ፣ ምት ግን አያገኙም።

ሁለተኛው ስለ ቦቢናው ያነሣው ፍርሃት መሠረት አለው፤ ጥፋቱን የጣለው ግን በተሳሳተ ነገር ላይ ነው። ጤነኛ ጌጅ ከቦቢናው የሚወስደው ኢምንት ስለሆነ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ሽቦው ነው። ከቦቢናው ኔጌቲቭ ወደ ጌጁ የሚሄደው ሽቦ መንገድ ላይ ተፍቆ ሻንሲ ቢነካ ቦቢናው በቋሚነት ማሳ (የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረበትን የመኪናውን ብረት) ያገኛል። ፑንቲናው ቢከፈትም ጅረቱ አይቋረጥም፤ እሳት ይጠፋል፣ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ቁልፉ ሳይዘጋ ከቆየ ደግሞ ቦቢናው ይግላል፣ ከዚያም ይበላሻል። በቮልስ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሽቦው ረዥም መንገድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። መፍትሔውን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስለ 10,000ው እንነጋገር። የ1970 ሞዴል 1300 ሞተር 40 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በ4,000 ዙር ነው። ከ4,500 በላይ እንዲዞር የሚያስገድድዎት ምክንያት የለም። የብዙ ጌጆች መርፌ ከዜሮ እስከ መጨረሻው 270 ዲግሪ ይዞራል። ልኩ 10,000 ሲሆን ለእያንዳንዱ ሺህ ዙር 27 ዲግሪ ብቻ ይደርሰዋል፤ ልኩ 6,000 ሲሆን 45 ዲግሪ ይደርሰዋል። በ10,000ው ጌጅ ሙሉ ሕይወትዎን የመርፌውን የመጀመሪያ አጋማሽ እያዩ ይኖራሉ፤ በ2,000 እና በ2,500 መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ለእርስዎ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልዩነት፣ ከጣት ጥፍር ያነሰ ቦታ ላይ ይጨማደዳል። ፊቱ ላይ የተቀባውንም ቀይ መስመር አይመኑ፤ ፋብሪካው ሲቀባው የእርስዎን ሞተር አያውቅም። በመስታወቱ ላይ 4,200 አካባቢ ቀጭን ቀይ ፕላስተር ይለጥፉ፤ የእርስዎ ቀይ መስመር ያ ነው።

ብዙ ሰው አርፒኤም ጌጅ የሚገዛው ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይጮህ ነው። አዲስ አበባ መሀል ለሚነዳ ቮልስ ግን ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ ከሚገባው በታች እየዞረ ይታነቃል። ቮልስ ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ዲናሞው ዘንግ ላይ በተሰካው ማራገቢያ ነው፣ ማራገቢያውን ደግሞ ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ከክራንኩ ይዞ ያዞረዋል። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ማራገቢያው ወደ ሁለት ጊዜ የሚጠጋ ይዞራል። የአየሩ ብዛት በሞተሩ ዙር እንጂ በመኪናው ፍጥነት አይወሰንም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ፣ ወይም ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጡ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቢሆኑ ሞተሩ የሚዞረው 1,400 ገደማ ነው። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጧል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍተኛ ነው፣ የሚነፍሰው አየር ግን ጥቂት ነው። በዚያው ፍጥነት ወደ ሁለተኛ ቢወርዱ ዙሩ ወደ 2,300 ይወጣል፤ አየሩም አብሮ ይጨምራል። ጆሮ «ሞተሩ ጮኸ» ብሎ ይፈራል፤ በተግባር ግን የሚጮኸው ከሚታነቀው ያነሰ ይግላል።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ ነገሩን ያከብደዋል። በየ1,000 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ 40ው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 31 ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። በእርስዎ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ለ3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይከልላል፤ ሞተሩ ሲታነቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ያ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ጌጅዎ ከ1,500 እስከ 3,500 ያለውን በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። ዳገት ላይ መርፌው ከ2,000 በታች ሲወርድ ማርሽ ይቀንሱ፤ በረዥም ዳገት ከ2,500 በላይ ያቆዩት።

እንግዲህ የሚገዙት ይህ ነው፦ 12 ቮልት፣ ባለ መርፌ፣ 80 ሚሊ ሜትር፣ ልኩ እስከ 6,000 ወይም ቢበዛ 8,000 የሆነ፣ ምቱን ከቦቢና ኔጌቲቭ የሚቀበል፣ ከጀርባው 4፣ 6፣ 8 ሲሊንደር የሚል መምረጫ ያለው ወይም በቁርጥ ለ4 ሲሊንደር የተሠራ። ንጹሕ ያገለገለ የጀርመኑ ቪ.ዲ.ኦ ካገኙ ከመኪናው ፊት ጋር የሚስማማው እሱ ነው፤ ካላገኙ መምረጫው በትክክል የሚሠራ ማንኛውም አዲስ ጌጅ ይበቃል። በቁጥር ብቻ የሚያሳየውን ዲጂታል ይተዉት፤ እየዘለለ የሚለዋወጥ አኃዝ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፣ መርፌ ግን በዓይን ጥግ ይታያል። የእሽቅድምድሙ ጌጅ በኤሌክትሪክ በኩል ሊሠራ ይችላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ 127 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቮልስ የፊት መስታወት ደግሞ ጠባብና ለዓይን ቅርብ ስለሆነ እግረኛ የሚመጣበትን አቅጣጫ ይጋርዳል። ይህ በፒያሳ መንገድ ላይ የሚሞከር አይደለም።

ዳሽቦርዱ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብየዳ፣ ስቱኮና ቀለም ይጠይቃል፣ የመኪናው ዋጋም ይቀንሳል። የጌጅ ኩባያ ከነማቀፊያው ይግዙና በመሪው ዘንግ ላይ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ ቀለበት ማሰሪያ) ይሰሩት፤ ከፋሼታው ሥር የጎማ ቁራጭ ያስገቡ። ቦታው ካልተመቸዎት ከዳሽቦርዱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያንጠልጥሉት። ከመጥበቁ በፊት ኩባያው ውስጥ ያለውን ጌጅ አዙረው 3,000ው ወደ ላይ ቀጥ እንዲል ያድርጉ፤ መርፌው ከቀጥታው መስመር ግራ ከሆነ ዝቅ፣ ቀኝ ከሆነ ከፍ ማለት ነው፣ ቁጥር ማንበብም አያስፈልግም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት። መኪናውን ሱቁ አጠገብ አቁመው ጫፋቸው የአዞ መንጋጋ የሆነ ሦስት ሽቦዎች ይያዙ፤ አንዱን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ አንዱን ከማሳ፣ ሦስተኛውን ከቦቢናው ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙ። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሙከራው ሞተሩ አጠገብ ሆኖ ይሠራል። በቮልስ ቦቢና ላይ ጫፎቹ በቁጥር ተጽፈዋል፦ «15» ከቁልፍ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፣ «1» ደግሞ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄድበት ኔጌቲቭ ነው። የምት ሽቦውን 15 ላይ ያሰረ ሰው መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል፤ ከዚያም ደህናውን ጌጅ «ብልሽት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ 850 አካባቢ ካሳየ ትክክል ነው። 570 ካሳየ መምረጫው 6 ላይ ነው፣ 425 ካሳየ 8 ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲ የሚለካ መልቲሜትር ካለ በዚያው ጫፍና በማሳ መካከል ለክተው የወጣውን ኸርዝ በ30 ያባዙ፤ 28 ኸርዝ 840 ዙር ነው። መልቲሜትሩ ቢያንስ 600 ቮልት የሚችል ይሁን፣ ጫፉንም በእጅ አይንኩ።

ሲያስገጥሙ የሽቦዎቹን ቀለም ከጌጁ ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። በአብዛኛው ቀዩ ኃይል፣ ጥቁሩ ማሳ፣ አረንጓዴው ምት፣ ነጩ የማታ መብራት ነው፤ ግን ሁሉም ፋብሪካ ይህን አይከተልም። ኃይሉን ከመሪው በስተግራ ዳሽቦርዱ ሥር ካለው የፊውዝ ሳጥን፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ ፊውዝ ላይ ይውሰዱ፤ መሀሉ ላይም የ2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ከቦቢናው 15 ላይ ኃይል የሚስብ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመዎት ያስቁሙት። ያ ሽቦ ፊውዝ የለውም፤ ጌጁ ቢበላሽ መኪናውን ይዞት ይሞታል። ማሳውን ቀለም በተፋቀበት ብረት ላይ በብሎን ይሰሩ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ለመድረስ የፊት ኮፈኑን ከፍተው ካርቶኑን ያንሡ፤ ዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ መታገል አያስፈልግም።

አሁን የምት ሽቦው። 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ሽፋኑ ወፍራም ሽቦ፣ 5 ሜትር ይግዙ፤ መሀል ላይ መቀጣጠል የለበትም። በግራ በኩል ከወለል ምንጣፉ ሥር፣ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ሥር አሳልፈው ወደ ሞተሩ ክፍል ያስገቡት። ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑር። ከካንዴላ ሽቦዎች ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከዚያም ቦቢናው አጠገብ፣ ከጫፍ 1 አንድ ጣት ርቀት ላይ፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በሽቦው መሀል ያስገቡና በሙቀት በሚጠብ ላስቲክ ይሸፍኑት። ይህች ትንሽ ዕቃ ሁለት ሥራ ትሠራለች። መርፌውን የሚያስዘልለውን ኤሌክትሪካዊ ጫጫታ ትቀንሳለች፤ ሽቦው መንገድ ላይ ማሳ ቢነካም በእሷ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ እሳቱ አይጠፋም፣ ቦቢናውም አይግልም። ጌጁ ይሞታል፣ እርስዎ ግን ቤትዎ ይገባሉ። አንዳንድ አሮጌ ጌጆች በ10 ኪሎ ኦም ምቱ ይደክምባቸዋል፤ መርፌው ካልተነሣ ወደ 4.7 ኪሎ ኦም ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያውጡት።

መርፌው ሲዘል መጀመሪያ የሚታማው ጌጁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጌጁ ሌላ በሽታ እየጠቆመ ነው። በሚኒሞ ጸጥ ብሎ ቤንዚን ሲሰጡት የሚዘል ከሆነ የተቃጠለ ፑንቲና ወይም የደከመ ኮንደንሰር ይጠርጥሩ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቱ ላይ ጉብታና ጉድጓድ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ አዲስ ማስገባት ይሻላል። መብራት ሲያበሩ መርፌው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ የጌጁ ማሳ ደካማ ነው።

ጌጁ የማይነግርዎትንም ይወቁ። ቺንጋው ቢበጠስ ማራገቢያው ይቆማል፣ ሞተሩ ግን መዞሩን አያቆምም፤ መርፌው ምንም እንዳልሆነ 2,500 ላይ ቆሞ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠበሳል። ያንን የሚነግርዎት የዲናሞው ቀይ መብራት ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ ከመገዛቱ በፊት ቁልፍ ሲከፍቱ ቀዩ መብራት መብራቱን፣ ቺንጋውም መሀሉ በአውራ ጣት ሲጫን ወደ 15 ሚሊ ሜትር መግባቱን ያረጋግጡ። አምፑሉ ከተቃጠለ የመጀመሪያው ወጪዎ አምፑሉ ነው። ሌላ ጌጅ የሚጨምሩ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው የዘይት ሙቀት ነው።

የእርስዎ ዓይነት መኪና ለሌላቸው በአጭሩ፦ ባለ 6 ቮልት አሮጌ ቮልስ የ12 ቮልት ጌጅ አያነሣም፤ ከ6 ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ትንሽ መቀየሪያ ለጌጁ ብቻ ይበቃዋል፣ ለዚህ ብሎ መኪናውን ሁሉ ወደ 12 መቀየር ትርፍ ወጪ ነው። ፖዘቲቩ ማሳ የሆነባቸው የቀድሞ ላንድሮቨሮች ላይ ተራ ጌጅ በቀጥታ ከታሰረ ይቃጠላል፤ ሽቦ ከመንካትዎ በፊት የባትሪው የትኛው ጫፍ ሻንሲ ላይ እንደታሰረ ይዩ። በፑንቲና ፋንታ ማግኔታዊ ኤሌክትሮኒክ ያስገቡ ሰዎች ያው የቦቢና ኔጌቲቭ ይሠራላቸዋል። በካፓሲተር የሚተኩሰውን ጠንካራ ዓይነት የገጠሙ ግን ከቦቢናው ጨርሶ አይሳቡ፤ ሣጥኑ ላይ ለጌጅ ተብሎ የተለየ ጫፍ አለ።

ከተገጠመ ከሳምንት በኋላ የኋላ ወንበሩን ያንሡና የምት ሽቦውን በጣትዎ እየዳሰሱ ይከተሉት። የወንበሩ ብረት ስፕሪንግ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽቦው ሥሩ ካለፈ ሽፋኑ ላይ ጥርስ የነካው የሚመስል ምልክት ያገኛሉ። ምልክት ካዩ ሽቦውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው እንደገና ይሰሩት። በዚያው እጅዎ በቀኝ በኩል ያለው የባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ ክዳን እንዳለው ይዩ፤ ያ ስፕሪንግ ባትሪውን ሲነካ የሚነሣው እሳት የቮልስ ባለቤቶች ሁሉ ሊፈሩት የሚገባ ነው።